በቀያይ ጨርቆቻችን ስለ ተገለገሉ የቀረበ ምስጋና

ለጥብቅ ስፍራዎች ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልሁ፣ የራስዎን፣ የቤተሰብዎን፣ እንዲሁም በበዓሉ ቀን ጥቂት ሲያስልዎት ስለ ነበር በተለይ የጉሮሮዎን ጤንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ እንቅልፍ እተኛለሁ፣ የቀረበልኝን እበላለሁ፣ ብሩሽ ስይዝም መስመሬ አይጣመምም። ደብዳቤውን የሚያነብ ሰው በንዴት ጦፌ የጻፍሁት እንዳይመስለው ነው ይህን አስቀድሜ መናገሬ። ንዴቴን ፈልጌ አጣሁት። ያለኝ ስሜት፣ ጥርሱን ተነቅሎ ከሐኪም ቤት የወጣ ሰው ጉንጩን በጣቱ ሲነካው የሚሰማው ዐይነት ነው፤ ጉንጩ በቦታው አለ፣ የማን እንደ ሆነ ግን አይታወቅም።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ታፔላ ጻፊው ነኝ። በረግረጉ መግቢያ ላይ ጎብኚዎች ከመንገዱ እንዳይወጡ የሚለምነውን ሰሌዳ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ወደ ቢሮው በተሾሙ ጊዜም ስምዎንና ማዕረግዎን በበርዎ ላይ በወርቅማ ቀለም ያሰፈርሁት እኔው ነኝ። ማዕረግዎ ረዘም ያለ ስለ ነበር፣ «ኃላፊ» የምትለው የመጨረሻዋ ቃል በሩ አልበቃት ብሎ መቃኑ ላይ መውጣቷንና በሩ በተከፈተ ቁጥር ከስምዎ ተለይታ እዚያው መቅረቷን ያስታውሱ ይሆናል። እርስዎም ምንም አይደለም፣ ይሁን ብለው ነበር፤ እኔም ያን ጊዜ ደግነትዎን አደነቅሁ።

ከዚህ ሥራዬ ውጭ ደግሞ፣ ከከተማው ዳር ያለውን ረግረግ ከሚጠብቁት በጎ ፈቃደኞች አንዱ ነኝ፣ ወይም ነበርሁ፤ የትኛው እንደ ሆነ ቢሮዎ ገና አላሳወቀንም። ቡድኑን ያቋቋመችው ታላቅ እኅቴ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ እኔም ሰፈሩም እትዬ እንላታለን። ቢሮዎ የላከልን ሰደርያዎች ሁሉም በአንድ ልክ፣ ያውም በአንድ ግዙፍ ሰው ልክ ተሰፍተው በመጡ ጊዜ፣ የየአንዳንዳችንን ትከሻና ቁመት እየለካች፣ ፈትታ መልሳ የሰፋችልን እርሷ ናት። ከእርሷ ቀጥሎ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር አለ፤ በየሁለት ቃሉ ፌርማታ የደረሰ ይመስል ቆም እያለ ስለሚናገር ፍሬን እንለዋለን። ሌሎቹንም የምስክር ወረቀት በእጅዎ ስለ ሰጧቸው ያውቋቸዋል።

ደብዳቤው ለሕዝብም የተጻፈ ነውና ሥራችን ምን እንደ ነበረ ላስረዳ። ረግረጉ የተከለለው ስለ አንዲት ወፍ ነው። የቢሮዎ ባለሙያ የሳይንስ ስሟን ነግሮን ነበር፤ ከመካከላችን አንድም ሰው ሊደግመው አልቻለም። እኛ ባልቴት እንላታለን። ቀጫጭን እግር ያላት ግራጫ ወፍ ናት፤ ሰው ሲጠጋት እንደ ሌሎቹ ብር ብላ በመጥፋት ፈንታ ባለችበት ቆማ፣ ልጆች ግቢዋን የረገጡባት አሮጊት ይመስል ትቆጣለች። ጎጆ መሥራት አታውቅም። እንቁላሏን ባዶ መሬት ላይ ትጥላለች፤ የእንቁላሉም መልክ ያው አፈር ስለ ሆነ፣ ረግጦት ያለፈ ሰው መርገጡን እንኳ ሳያውቅ ቤቱ ይገባል። በአካባቢያችን ከዚህ ረግረግ በቀር የምትጥልበት ሌላ ቦታ የላትም።

እኛ ታዲያ ጠዋት ጠዋት በየተራ እየወጣን እናያታለን፤ ያየነውንም በየወሩ ጽፈን ለቢሮዎ እንልካለን። የላክነው ሁሉ ማኅተም ተመትቶበት፣ መልካም ሥራችሁን ቀጥሉ የሚል ምስጋና ታክሎበት ቅጂው ይመለስልናል። አንድ ወር ፍሬን፣ የሚያነበው ሰው ይኖር እንደ ሆነ ለማወቅ ጓጉቶ፣ በረግረጉ ውስጥ ዓሣ ነባሪ መታየቱን ጻፈ። መልካም ሥራችሁን ቀጥሉ ተባልን። እትዬ ግን አልሳቀችም፤ ሪፖርት ላይ ቀልድ እንዳይደገም ተቆጣችና በሚቀጥለው ወር ዓሣ ነባሪው በስሕተት የተጻፈ መሆኑን የሚገልጽ ማረሚያ አስላከችን። እርሱም ማኅተም ተመታበት።

ስለ እንቁላሎቹ መላ ያመጣችውም እርሷው ናት። ከስፌት የተረፈ ቀይ ጨርቅ በቀጭን በቀጭኑ እየቀደደች፣ በሸንበቆ ዘንግ ጫፍ እያሰረች፣ እንቁላል ባለበት ዙሪያ መትከል ጀመረች። ቀይ ለምን እንደ መረጠች ስንጠይቃት፣ ቀይ ያየ ሰው ይቆማል፣ ካላመናችሁ ፍሬንን ጠይቁት አለችን፤ ፍሬንም በሥራ ዘመኑ ሁሉ ቀይ መብራት ጥሶ እንደማያውቅ ምሎ ሲያበቃ፣ ቆም አለና፣ ከአንድ ጊዜ በቀር ብሎ አስተካከለ። ዘንድሮ ባልቴቶቹ እንደ ወትሯቸው በየቦታው በመበታተን ፈንታ ሁሉም በደረቁ ጉብታ ላይ ተጠጋግተው ስለ ጣሉ፣ ጉብታውን ዙሪያውን በቀይ ጨርቅ አጠርነው። ነፋስ ሲነፍስ ሲውለበለብ ያምር ነበር። ጎብኚዎቹም በእውነት እየቆሙ ይመለሱ ነበር፤ ዘዴው በሁሉም ሰው ላይ ሠርቷል፣ ከቢሮዎ በቀር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ፤ ቢሮዎ ያልተቆጠረ ነገር እንደማይቀበል ከዚህ ቀደም ተነግሮኛልና።

አንደኛ፤ እኛን ለማመስገን በማሰብዎ አመሰግናለሁ። የበጎ ፈቃደኞች ቀን የሚባል በዓል ተቈርጦልን በዚያው በምንጠብቀው ረግረግ ውስጥ እንደሚከበር የሰማን ጊዜ፣ እትዬ ንጹሕ ቀሚሷን ለብሳ ቢሮዎ ድረስ መጥታ፣ ወፎቹ የሚታቀፉበት ወቅት ስለ ሆነ በዓሉ በከተማው አዳራሽ ቢሆን ብላ በአክብሮት ጠይቃ ነበር። የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛዎ የሰጣት መልስ፣ አዳራሽ ውስጥ ተፈጥሮ በፎቶግራፍ ላይ አይወጣም የሚል ነበር። ልክ ነው፤ አይወጣም። ደግሞም አትስጊ፣ ቀያሽ መጥቶ ከወፎቹ የራቀ ቦታ ይመርጣል አላት። እርሷም አልሰጋችም።

ሁለተኛ፤ ስለ ቀያሹ አመሰግናለሁ። ቀያሹ አልመጣም።

ሦስተኛ፤ ትእዛዝዎ ስለሚከበርበት ጥንቃቄ። ቢሮዎ ለፎርማኑ የሰጠው ትእዛዝ አጭርና ግልጽ እንደ ነበረ ከራሱ ከፎርማኑ ሰምተናል፤ ቀያሹ ቦታውን በቀይ ምልክት ከልሎ ያሳይሃል፣ በምልክቱ ውስጥ ያለውን ጠርገህ ደልድል፣ ከምልክቱ ውጭ ያለው ግን ጥብቅ ስፍራ ነውና አንዲት ሣር እንዳትነካ። ፎርማኑ በበዓሉ ዋዜማ በማለዳ ስካቫተሩን አስከትሎ ሲደርስ ቀያሽ የለም፤ ቀይ ምልክት ግን አለ፣ ያውም በአግባቡ የታሰረ፣ በእኩል ርቀት የተተከለ፣ የባለሙያ እጅ ያረፈበት። እትዬ ሥራ አታበላሽም። ስለዚህ በቀዩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ደለደለ፤ ከቀዩ ውጭ አንዲት ሣር አልነካም። በዚያ ረግረግ ውስጥ የቢሮዎ ትእዛዝ እንዲህ ባለ ታማኝነት ሲፈጸም ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አራተኛ፤ ስለ አስቸኳይ ስልካችሁ። ፍሬን ማሽኑን ያየው ከውሃው ማዶ ካለው አስፋልት ላይ ሆኖ ነበር። ረግረግ አቋርጦ መሄድ አይቻልም፤ ዙሪያውን መዞር ነው። ስለዚህ እየተጣደፈ፣ በሰሌዳው ላይ በቀይ ቀለም አድምቄ የጻፍሁትን የአስቸኳይ ጊዜ ቁጥር ደወለ። ስልኩን ያነሣችው ሠራተኛ እጅግ ጨዋ ነበረች። ሠራተኛው ሁሉ ለበጎ ፈቃደኞች ቀን ዝግጅት መውጣቱን፣ ክቡርነትዎም የበዓሉን ንግግር እየተለማመዱ ስለ ሆነ እንዲረበሹ እንደማይፈቀድ ነገረችው፤ ደዋዩ ራሱ በጎ ፈቃደኛ መሆኑን ስትሰማ ደግሞ እንኳን አደረስዎት አለችው። ፍሬንም እንኳን አብሮ አደረሰን ብሎ ዘጋ። ሌላ ምን ይበል? ዞሮ ሲደርስ ማሽኑ ቆሞ፣ ፎርማኑ ሲጋራ እያጨሰ ነበር።

በዚያው ቀን አመሻሹ ላይ ፎርማኑ የሆነውን ሲነገረው ቤታችን ድረስ መጣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በራፉ ላይ እንደ ቆመ፣ ጩኸት ሰምቶ እንደ ነበር፣ ነገር ግን የማሽኑ ቺንጊያ ላልቶ የሚጮህ መስሎት ለኦፕሬተሩ፣ ሥራው ሲያልቅ እናጠብቀዋለን እንዳለው ለእትዬ ነገራት። ባልቴቶቹ ልማዳቸው ነውና አልሸሹም ነበር። ሥራው ሲያልቅ ቺንጊያውም መጮኹን ተወ። እትዬ ግባና ተቀመጥ አለችው፤ እርሱ ግን ጫማዬ ጭቃ ነው ብሎ አልገባም። ስለዚህ ጉዳይ ቤታችን ድረስ የመጣ ሰው እስካሁን እርሱ ብቻ ነው።

አምስተኛ፤ ስለ ወንበሮቹ። ምቹ ነበሩ። ሁላችንም ወደ በዓሉ ሄድን፤ ለምን እንደ ሄድን አሁንም አላውቅም፣ ስለ ተጠራን ይመስለኛል። ድንኳኑ በተደለደለው ጉብታ ላይ ተተክሎ፣ ወንበሮቹ በረድፍ ተደርድረው፣ የመጀመሪያው ረድፍ ለእንግዶች ስለ ሆነ እኛ ባለ በዓሎቹ ሰደርያችንን ለብሰን ከኋላቸው ተቀመጥን። ከእግሬ ሥር ምን እንዳለ አውቅ ነበር። እግሬን አንሥቼ መቀመጥ አማረኝና ነውር መስሎ ስለ ታየኝ መልሼ አወረድሁት። ያን ጊዜ ነው መሰለኝ ይህ መደንዘዝ የጀመረኝ፤ ከእግር ጀምሮ ነው የወጣው።

እርስዎም ስለ ተፈጥሮ ፍቅርና ስለ መጪው ትውልድ ብዙ ከተናገሩ በኋላ፣ አንዲት ጋዜጠኛ እጇን አውጥታ ወፎቹ የት እንዳሉ ጠየቀች። ጉሮሮዎን ጠረግ ጠረግ አድርገው፣ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብለው፣ አንዲት የቡድኑ አባል ቢሮው ሳያውቅ በተከለችው ቀይ ጨርቅ የተነሣ አሳዛኝ ስሕተት መድረሱን ገለጹ። ማይክሮፎኑ ጥራት ነበረው፤ ከውሃው ማዶ ሳይቀር ተሰማ። ከዚያም የምስክር ወረቀቱ ይታደል ጀመር። እትዬ ስሟ ሲጠራ ተነሥታ ሄደች፣ ተቀበለች፣ እጅዎንም ጨበጠች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለውን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ፤ እከኩን ከለከኩ በኋላ እጅ ጨብጦ መሸለም ግን የክቡርነትዎ አዲስ ጭማሪ ነው።

ስድስተኛ፤ ቢሮው ሳያውቅ ስለ ተባለው ነገር። ከወንበርዎ ጀርባ የተሰቀለውን፣ የቢሮዎ ስም የታተመበትን የዘንድሮ የቀን መቁጠሪያ ዞር ብለው ቢመለከቱ፣ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት በርከክ ብላ በሸንበቆ ዘንግ ላይ ቀይ ጨርቅ ስታስር ያያሉ። ከሥሩም «ከማኅበረሰቡ ጋር በጋራ እንጠብቃለን» ይላል። ፎቶግራፉን ያነሣው የራስዎ ባለሙያ ነው፤ ብርሃኑ እንዲያምርለት ያሰረችውን እያስፈታ ደጋግሞ አሳስሯታል። ይህ ሥዕል ፊት ለፊትዎ ተሰቅሎ ቢሆን ኖሮ ያውቁት ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የሚስማሩ ነው።

ሰባተኛ፤ ባለሙያዎን ስለ ላኩልንም አመሰግናለሁ። ከበዓሉ በኋላ ድንኳኑ ሲነሣ መጥቶ ጉብታውን ዙሪያውን ተመለከተና፣ ከእንግዲህ ዐይን የሚጋርድ ሣር ስለሌለ ቦታው ለክትትል ይበልጥ ምቹ መሆኑን ነገረን። ፍሬን ምን እንደምንከታተል ሊጠይቀው አፉን ከፍቶ ነበር፤ ግን እንደ ልማዱ ቆም ሲል ባለሙያው መኪናው ውስጥ ገባ።

ስምንተኛ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ወጣው መመሪያ። ከአሁን በኋላ ማንኛውም በጎ ፈቃደኛ ምልክት ከመትከሉ በፊት ናሙናውን ከማመልከቻ ጋር አቅርቦ እስኪፈቀድለት ይጠብቃል፤ ፈቃዱ የሚወስደው ጊዜም አንዲት ባልቴት ጥላ፣ ታቅፋ፣ ፈልፍላ፣ ልጆቿን ይዛ ወደ ሌላ አገር እስክትሄድ ካለው ጊዜ ይረዝማል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ክቡርነትዎን ማለቴ አይደለም፤ ምሳሌው እንዲህ ሆኖ ስለ ተፈጠረ ነው።

ዘጠነኛ ብዬ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። የቀረው ነገር ከምስጋናዎቹ ጋር የሚቆጠር አልሆነልኝም።

የቀረው እትዬ ናት። አላለቀሰችም። ከበዓሉ ቤት ስትገባ የምስክር ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተች፣ የስፌት መኪናዋን አለበሰችው፣ እስካሁንም አልገለጠችውም። የሰፈሩ የኳስ ቡድን መለያ ልብስ እንድትሰፋለት ጨርቅ ልኮ ነበር፤ ቀይ ስለ ሆነ ሳትነካው በመጣበት ፌስታል መለሰችው። ጎረምሶቹ ምን እንዳጠፉ ግራ ገብቷቸው ይቅርታ ጠይቀዋት ሄዱ። ወደ ረግረጉ መሄድ ትታለች። ጠዋት ተነሥታ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች፤ መስኮታችን ደግሞ የጎረቤት ግድግዳ እንጂ ሌላ ነገር አያሳይም።

ሰው ክፉ አልሆነባትም፤ ክፉ ቢሆንባት ይሻል ነበር። ሱቅ ስትሄድ ባለሱቋ፣ አይዞሽ እትዬ፣ አውቀሽ አይደለም ትላታለች። ጎረቤት መንገድ ላይ ሲያገኛት፣ ያው ለበጎ ብለሽ ነው፣ ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም ይላታል። ያልሠራችውን ጥፋት ይቅር የሚላት ሰው በዛ። እርሷም አንገቷን ደፍታ እግዜር ይስጥልኝ እያለች ታልፋለች። በማይክሮፎን የተነገረውን አንድ ጊዜ ነው የሰማችው፤ አይዞሽ የሚላትን ግን በየቀኑ ትሰማለች፤ እንዲህ እንዲህ እያለች አምና ተቀበለችው።

ማዕድ ላይ ስንቀመጥ «ነጭ አድርጌው ቢሆንስ?» ትለኛለች። መጀመሪያ ሰሞን እመልስላት ነበር። ነጭም ቢሆን፣ ሰማያዊም ቢሆን፣ መምጣት የነበረበት ቀያሽ እንዳልመጣ፣ ስልክ ያነሣችውም ማሽኑን የሚያስቆም ሰው እንዳልጠራች አስረዳት ነበር። «እሱስ ልክ ነህ» ትልና እንጀራዋን ቆርሳ፣ «ግን እኮ ነጭ አድርጌው ቢሆንስ?» ትለኛለች። አሁን አሁን ጨው አቀብላታለሁ።

ይህን ስጽፍ ማዘን እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ማዘኛዬ ግን ከንዴቴ ጋር ሄዷል። ከበዓሉ ማግሥት የአንድ ጫማ ቤት ስም ስጽፍ ዋልሁ፤ ፊደሎቹ ቀጥ ብለው ወጡ፣ ባለቤቱም አመሰገነኝ። ስለ ወፎቹም ቢሆን ሰው ሲጠይቀኝ፣ አዎ፣ ነበሩ እላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው በዚህ ሁሉ መደንዘዝ ውስጥ የሚወጋኝ፤ እርሱም ፍርሃት ነው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ ይህች ሴት ናት። የሰው ልብስ ሲጠብ ስታሰፋ፣ ሲሰፋ ስታጠብ ነው ዕድሜዋን የጨረሰችው። ያንን አንድ ጥያቄ ይዛ እንዳታረጅ፣ ይዛውም እንዳትሞት እፈራለሁ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ካሳ አልጠይቅም፣ ድንኳን አልጠይቅም፣ ሌላ የምስክር ወረቀትማ በፈጠረዎ ይቅርብን። የምጠይቀው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። በዚያው ማይክሮፎን፣ በዚያው ድምፅ፣ እርሷም ሰፈሩም ያንን በሰሙበት ልክ እንዲሰሙት ሆኖ፣ ምልክቱ ትክክል እንደ ነበረና የተሳሳተው ቢሮው እንደ ሆነ እንዲናገሩ ነው። ንግግር ከመጀመርዎ በፊት ጉሮሮዎን ለመጥረግ ከሚወስድብዎ ጊዜ አይበልጥም። ቢሮው የምትለው ቃል ከከበደችዎ ደግሞ ሊተዉአት ይችላሉ፤ ጥፋቱ የልብስ ሰፊዋ አይደለም ቢሉ ይበቃናል። የማን እንደ ሆነ ባይናገሩም ቅር አንሰኝም፤ የማን እንዳልሆነ ብቻ ይናገሩልን።

ዘመንዎ የተባረከ፣ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ ባስደለደሉት መሬት ሁሉ ላይ የሚራመደው እግርዎም እንቅፋት የማያውቀው እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ስምዎን በበርዎ ላይ በጻፈው በዚሁ እጄ ይህንንም ጽፌ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የዘወትር ታዛዥዎና አድናቂዎ፣
ታፔላ ጻፊው፣
የረግረጉ የቀድሞ ወይም የአሁን በጎ ፈቃደኛ

ከፊርማ በኋላ የታከለ፤

ይህን ደብዳቤ ፈርሜ ካበቃሁ በኋላ ስለ ሆነው ነገር ቢሮዎን ሳላሳውቅ ብቀር ታማኝነቴ ይጓደላል። ዛሬ ጠዋት እትዬ እኔ ሳልነሣ ወጥታ ነበር። ሰደርያዋን አልለበሰችም፤ የለበሰችው አፈር የመሰለ አሮጌ ካፖርቷን ነው። በእጇ አንዲት ክር እንኳ አልያዘችም። ስትመለስ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነበር። የየት ጭቃ እንደ ሆነ አልጠየቅኋትም፤ የከተማችን መንገዶች እንዳሉበት ሁኔታ ከሆነ ጭቃ የትም ይገኛል። ቧንቧው ሥር ጫማዋን ስታጥብ ታንጎራጉር ነበር፤ ቁርስ ላይም ስለ ነጭ ጨርቅ አልጠየቀችኝም።

በልታ ስታበቃ፣ የዚህን ወር ሪፖርት ጻፍ ብላ እርሷው ቃል በቃል አስጻፈችኝ፤ «በረግረጉ ውስጥ ምንም ወፍ አልታየም። ምንም ምልክት አልተተከለም።» ሪፖርቱ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ልብስ ሰፊ ሆና ሳለ ዕድሜዋን ሙሉ ለደንበኛ የውሸት ቀን ቀጥራ የማታውቅ ሴት ናት፤ ይህን ግን አንዲት ቃል ሳታስሰርዘኝ አስጻፈችኝ። ቢሮዎ የወፎቹን ደኅንነት ከልቡ የሚሻ ከሆነ፣ የተጻፈውን እንዲያምንላት በትሕትና እንለምናለን።